ልጄ፣ በሩን ዝጋው

ባለቤቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይተኛበት ያደረን አልጋ በየማለዳው ሲያነጥፍ ኖሯል። የራሳችንን አልጋ ግን አንድ ቀን እንኳ አንጥፎ አያውቅም። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «የቤቱ አልጋ ጎብኚ የለውም» ይለኛል።

የሚያነጥፈው አልጋ ያለው ሙዚየም ውስጥ ነው። ሙዚየም ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ድሮ የአንድ እህል ነጋዴ መኖሪያ የነበረ፣ ምድር ቤቱ የድንጋይ፣ ፎቁ የእንጨት የሆነ ባለ ስድስት ክፍል ቤት ነው። የዛሬ አርባ ስምንት ዓመት የአገሪቱ መሪ ድልድይ ሊመርቁ ሲመጡ ዝናብ መንገዱን ዘጋባቸውና እዚያ ቤት አንድ ሌሊት አደሩ። በማግስቱ ቁርሳቸውን በልተው ሄዱ፤ ዳግመኛም አልተመለሱም። ነጋዴው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው የነኩትን ዕቃ ሁሉ ሰው እንዳይነካው አደረገ። ሲሞትም ልጆቹ ቤቱን ከነዕቃው ለመንግሥት ሰጡ። ይኸውና አሥራ አንድ ዕቃ በቀይ ገመድ ታጥሮ ይታያል። የተኙበት አልጋ፣ የተቀመጡበት ወንበር፣ ፊታቸውን የታጠቡበት ሳህን፣ ረስተውት የሄዱት ጃንጥላ፣ ሌላም ሌላም። አልጋው ሥር ያለው ፖፖ እንኳ አልቀረም።

ባለቤቴ የዚህ ቤት አስጎብኚ ነው። የሰፈሩ ሰው «አፈ ጉባኤው» ይለዋል። ስብሰባ መርቶ አያውቅም፤ ግን ሰርግም ላይ ይሁን ሐዘን ላይ እሱ ካለ ሌላው ሰው አፉን የሚከፍተው ለመብላት ብቻ ነው።

መሪው የመጡ ዕለት ሃያ ዓመቱ ነበር፤ የነጋዴው በር ጠባቂ። መኪናው ሲደርስ በሩን የከፈተው እሱ ነው። በሩን እንደ ከፈተ ደንግጦ ቀረ፤ መዝጋቱን ረሳው። ንፋሱና ዝናቡ እስከ ሳሎን ሲገባ፣ መሪው ዘወር አሉና አንድ ነገር አሉት። ያሉትን ነገር እኔ በየጊዜው ስሰማው ስለኖርኩ አስተዳደጉን አውቃለሁ። በተጋባን ሰሞን የነገረኝ፣ «ልጄ፣ በሩን ዝጋው፤ ብርድ ይገባል» አሉኝ ብሎ ነበር። የመጀመሪያው ልጃችን ሲወለድ «ጎበዝ ልጅ ነህ» የሚል ተጨመረበት። ሁለተኛዋ ስትወለድ ስሙን ጠይቀውት ነበር። ሙዚየሙ ተከፍቶ አስጎብኚ ሲሆን ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ባለፈው ዓመት ለተማሪዎች ሲያወራ እንደ ሰማሁት ደግሞ፣ በዚያ ዶፍ ውስጥ ቆመው ስለ አገር ፍቅርና ስለ ሥራ ክቡርነት ሩብ ሰዓት ያህል መክረውታል። ጃንጥላውን የያዘላቸው ሰው እጁ አለመዛሉ ይገርመኛል።

ይህንን ሁሉ እሰማለሁ፣ ፈገግ እላለሁ፣ አልፋለሁ። ሰው ከአንድ ምሽት ይህን ያህል ዘመን ከበላ፣ ትንሽ ቢያሳድገው ምን ይላል?

አንድ ነገር ግን ከልቤ እኮራበት ነበር፤ ማንበቡ። ማታ ማታ ወንበሩን ወደ መብራቱ ያስጠጋል፣ መነጽሩን ይሰካል፣ ጋዜጣውን ይዘረጋና ያነብልኛል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበርና እጄን አጣጥፌ እንደ ተማሪ እሰማዋለሁ። «ከዚያስ?» እለዋለሁ፤ ገጹን ይገልጣል።

ስልሳ አንድ ዓመት ሲሞላኝ የልጅ ልጄ አንደኛ ክፍል ገባች። «አያቴ፣ ይሄ ምን ይላል?» እያለች ስታፋጥጠኝ ጊዜ፣ ከልጅ ፊት ማፈር ከሽማግሌ ፊት ከማፈር የባሰ ሆነብኝና ለጎልማሶች የከሰዓት ትምህርት ተመዘገብኩ። በስምንት ወር፣ እያዘገምኩም ቢሆን፣ አነበብኩ።

አንድ ማታ ልብስ እያጣጠፍኩ ከኋላው ቆሜያለሁ። እሱ ጋዜጣውን ዘርግቶ ድልድዩ ሊጠገን መሆኑን እያነበበልኝ ነው። እኔ ዓይኔን በትከሻው ላይ አሻግሬ ላክሁት። ገጹ ላይ ድልድይ የለም። ያለው የጫማ ማስታወቂያ ነው፤ ጋዜጣውም ካለፈው ወር ነበር። የድልድዩን ወሬ ደግሞ በቀትር ከጎረቤት ሬዲዮ እኔም ሰምቼው ነበር። ሳቄ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ግን ይህ ሰውዬ ማታ ማታ አንድም ቃል ሳያዛንፍ ዜናውን ከሬዲዮ እስከ ቤቴ በራሱ ተሸክሞልኝ ሲመጣ መኖሩን ሳስብ ሳቁ ተመለሰ። ሆድ ይፍጀው አልኩና፣ «ከዚያስ?» አልኩት። ገጹን ገለጠ።

ነገሩ እዚያ ላይ ይቀር ነበር፤ አዲስ ኃላፊ ባትሾም ኖሮ።

ቅርሶቹን ሁሉ የሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ለወጣት ሴት ተሰጠ። ኃላፊዋ ቤቱን ባየች በወሩ ቀለም ቀቢዎች ላከች። የዕቃዎቹን መግለጫ ካርዶችም ቀየረቻቸው። ድሮ የነበሩት የመጀመሪያው ኃላፊ በእጁ የጻፋቸው ነበሩ። አንዱ ጥጉ የተቀደደ ነው፣ አንዱ ቀለም የፈሰሰበት፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ባለቤቴ እንደ ከብት በመልካቸው ነበር የሚያውቃቸው። አዲሶቹ ግን አሥራ አንዱም አንድ ልክ፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ፊት ናቸው። ካርዶቹ በመጡ በማግስቱ ኃላፊዋ ስልክ ደወለች። እሱም ማታ እራት ላይ ነገረኝ።

«ሐሙስ ትመጣለች» አለኝ።

«ትምጣ። ምን አለበት?»

«ቤቱ በሥርዓት ከተሰናዳ አስጎብኚ ሆኜ እቀጥላለሁ። ካልተሰናዳ የሠለጠኑ ወጣቶች አሉን፣ አንተ ከእንግዲህ በር ላይ ትሆናለህ አለች።» ማንኪያውን አስቀመጠ። «በር ላይ! እኔን!»

«በር ላይ የጀመርክ ሰው አይደለህ እንዴ?»

«የጀመርኩበትማ ነው። ሰው የጀመረበት ላይ ከጨረሰ መሀሉ የት ገባ አይሉም?»

ያን ማታ ጋዜጣ አላነበበልኝም። «መነጽሬ ደከመኝ» አለ።

ረቡዕ በቀትር ምሳውን ይዤ ሄድኩ። ቤቱ ቀለም ይሸታል፤ ወለሉ ከመወልወሉ ብዛት ፊትን ያሳያል። እሱ ክራቫት አስሮ ፎቁ ላይ ቆሟል።

«እስቲ እይው» አለኝ፤ «ቀጥ ብለው አልቆሙም?»

ካርዶቹ እውነትም እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲባጎ ወጥሮ ነው ያስተካከላቸው። ከገመዱ ወዲህ ቆሜ የመጀመሪያውን በልቤ አነበብኩት። ጃንጥላው ሥር ነው። «ታላቁ እንግዳ ሌሊቱን የተኙበት» ይላል።

ዓይኔ ነው ብዬ ወደ አልጋው ዞርኩ። አልጋው «ዝናብ ሲያባራ ረስተውት የሄዱት» ሆኗል። ወንበሩ ላይ ፊታቸውን ታጥበውበታል። የሾርባው ጎድጓዳ ሳህን ሥር «በሌሊት ለሚያስፈልጋቸው ጉዳይ የተዘጋጀ» ተብሏል። ወደ አልጋው ሥር ጎንበስ አልኩ። ፖፖው እንዲህ ይላል፤ «ለእራት ሾርባ የቀረበላቸው በዚህ ነበር።»

ከአሥራ አንዱ ቦታውን ያገኘው መስተዋቱ ብቻ ነው፤ እሱም በዕድሉ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ።

«አማረ» አልኩት። ማማሩስ አምሯል።

ምን ይደረግ? ተሳስተሃል ብለው ማንበብ አትችልም ማለቴ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ጋዜጣ ያነበበልኝን ሰው፣ በገዛ ቤተ መንግሥቱ መሀል አቁሜ እንዲያ ልበለው? ዝም ብለው ደግሞ ነገ በር ላይ ነው።

መጀመሪያ በዘዴ ሞከርኩ። «አንተ ውረድና ምሳህን ብላ፤ እኔ አቧራውን ላራግፍልህ» አልኩ፤ እስኪበላ ካርዶቹን ላቀያይር ብዬ ነው።

«ገመዱን አልፈሽ?»

«አዎ፣ ገመዱን አልፌ።»

«የመንግሥት ዕቃ ነው! ከገመዱ ወዲያ የሚገባው የተፈቀደለት ሰው ብቻ ነው።»

«እኔ ሚስትህ ነኝ እኮ።»

«የኔ ሚስት ነሽ እንጂ የመንግሥት ሚስት አይደለሽም» አለና ያመጣሁለትን ሾርባ እዚያው ቆሞ ጠጣው፤ ዓይኑን ከኔ ሳይነቅል።

ከሰዓት ትምህርት ቤት ሄድኩ። አስተማሪዋ ምን እንዳስተማረች ብትጠይቁኝ አላውቅም። መውጫ ላይ የቤት ሥራ ሰጠችን፤ ማባዛት ነበር። እኔ ግን በመንገድ ላይ ቀየርኩት፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። ሙዚየሙ ሳይዘጋ ደብተሬን ታቅፌ ደረጃውን ወጣሁ።

«ደግሞ ምን ረሳሽ?» አለ።

«የቤት ሥራ አለብኝ። በአካባቢያችሁ የተጻፈ ነገር ፈልጋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ የሚያርማችሁ ሰው አጠገባችሁ ይቁም ብላናለች። ካንተ የተሻለ አራሚ ከየት አመጣለሁ?»

ፊቱ ተለዋወጠ። ኪሱን ዳበሰ። «መነጽሬን የት ነው ያደረግኩት... ያለ መነጽር ማረም እንኳ...»

«ግንባርህ ላይ ነው።»

አወረደው። ሌላ ምክንያት ሲፈልግ አየሁትና ጊዜ ሳልሰጠው ጣቴን ወደ ጃንጥላው ቀሰርኩ። ከሚገባው በላይ አዘገምኩ፤ በየፊደሉ ላይ ቆምኩ።

«ታ... ላ... ቁ... እንግዳ። ሌሊ... ቱን... የተኙ... በት። የተኙበት ይላል መሰለኝ። ግን እኮ ይሄ ጃንጥላ ነው። ጃንጥላ ላይ አይተኛም። አሳስቼ ይሆን?»

ወደ ካርዱ ጠጋ አለ።

«ድገሚው» አለ፤ ድምፁ ቀጥኖ።

ደገምኩት።

«ሌላውን አንብቢ።»

የአልጋውን አነበብኩ። የወንበሩን አነበብኩ። በየአንዱ ላይ «አሳስቼ ይሆን?» እላለሁ፤ የእሱ ዓይን ከካርዱ ወደ ዕቃው፣ ከዕቃው ወደ ካርዱ ይመላለሳል። ፖፖው ጋ ስደርስ ጎንበስ አልኩና ሾርባውን አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ያኔም አልለየሁትም፣ ዛሬም አልጠየቅኩትም።

ከዚያ አንገቱን አቀና፤ ክራቫቱን አስተካከለ።

«አላሳሳትሽም» አለ። «ደህና አድርገሽ አንብበሻል። ሆን ብዬ ነው ያቀያየርኳቸው።»

«ኧረ? ለምን?»

«ልፈትንሽ ነዋ! ስምንት ወር ሙሉ ደብተር ታቅፈሽ ትመላለሻለሽ። ፊደል ይሁን ወሬ የምትማሪው በምን ልወቅ?»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው። እኔስ ብሆን? «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አልኩት። «በል እንግዲህ ፈተናው ካለቀ ወደየቦታቸው እንመልሳቸው። እኔ እያነበብኩ ልለማመድ፤ አንተ ስቀል።»

ሄደና ቀዩን ገመድ ከመንጠቆው አላቀቀው።

«ግቢ» አለኝ። «እግርሽን ግን ጥረጊ።»

በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ገባሁ። አልጋውን በጣቴ ነካ አደረግኩት፤ አላየሁም ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። አሥሩን ካርድ ሰቅለን ስንጨርስ ፀሐይዋ ወርዳ ነበር። ሲባጎውን እንደገና ወጥሮ ልካቸውን አየ። ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱን ሙሉ አልተናገረም። አፈ ጉባኤው ዝም ሲል የሰፈሩ ሰው ታሞ ነው ብሎ እንዳይጠይቀን ፈራሁ።

ሐሙስ ምሳውን ከወትሮው አስቀድሜ ይዤ ሄድኩ። ሰበብ ነው፤ ገና ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር። ኃላፊዋ ደርሳለች። ከልጃችን የምታንስ፣ ቀጠን ያለች፣ ጫማዋ ጭቃ የነካ ልጅ ናት፤ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ስትገባ ስላየሁ ወደድኳት። ባለቤቴ ከክፍል ክፍል ያዞራታል። እሷ እያንዳንዱን ካርድ ቆማ ታነባለች። እኔ ደረጃው ሥር ቆሜ ከእንጨቱ ወለል ድምፅ እግሯ የት የት እንደ ቆመ እቆጥራለሁ። አልጋው። ጃንጥላው። ፖፖው ጋ ብዙ ቆየች። ሳቅ ሰማሁ፤ ግን ደህና ሳቅ ነው፤ ካርዱ ለሚለው የሚገባ ሳቅ።

ወርደው ወደ በሩ መጡ። እዚያ ደግሞ የተለመደው ንግግር አለ። ሩብ ሰዓቱን ሰጣት፤ የአገር ፍቅሩን፣ የሥራ ክቡርነቱን፣ የትከሻውን መታ መታ። እሷ ሳታቋርጥ ሰማችው።

«አባባ» አለችው ሲጨርስ፣ «ይሄ ነገር በሰነዶቻችን ውስጥ የለም። የዚያን ዕለት እዚህ ከነበሩት በሕይወት ያሉት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት።» ቦርሳዋን ከፈተችና ምንም ያልተጻፈበት አሥራ ሁለተኛ ካርድ አወጣች። «በራስዎ እጅ ይጻፉልኝ። አላሳትመውም፤ ጽሑፍዎ እንዳለ በሩ ላይ ይሰቀላል። ይሄውና እስክሪብቶ።»

ባለቤቴ እስክሪብቶውን እንደ ጋለ ብረት ያዘው። እጁ ወደ ኪሱ ሲሄድ አየሁ፤ መነጽር ሊፈልግ ነው። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነበር። እጁን መለሰው። የምሳው ዕቃ በእጄ ውስጥ ከበደኝ፤ ለዚህስ ምንም የቤት ሥራ አላዘጋጀሁም።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ዘረጋ።

«እመቤቴ» አላት ኃላፊዋን፣ ዓይኑን ከኔ ሳያነሳ፤ «ያየሁትን እኔ እናገራለሁ። የምትጽፈው እሷ ናት። በቤታችን ፊደል የቆጠረችው እሷ ናት።»

ስንት ሺህ ጋዜጣ በአንድ ጊዜ ሲታጠፍ ተሰማኝ።

ኃላፊዋ እሱን አየች፤ እኔን አየች፤ ወደ ፎቁም ቀና አለች። «ካርዶቹንስ ማን ሰቀላቸው?»

«እኔ። እሷ እያነበበችልኝ።»

«እኔ የጠየቅኩት ቤቱ በሥርዓት እንዲሰናዳ ነው» አለች፤ «ቤቱ ተሰናድቷል። እማማ፣ ይቀመጡና ይጻፉልን።»

በሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፤ ካርዱን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በዚያን ዕለት ሰማይና ምድር የተገናኙ ይመስል ዝናቡ ሲወርድ፣ ታላቁ እንግዳ ከመኪናቸው...»

«ቆይ፣ ቆይ» አልኩት። «ካርዱ መዳፍ ታክላለች። የኔ ፊደል ደግሞ እንቁላል ያክላል። ቢበዛ ስድስት ቃል ነው የሚገባው።»

«ስድስት?!»

«ስድስት።»

«ስለ አገር ፍቅር ያሉኝስ?»

«አይገባም።»

«ትከሻዬስ?»

«ትከሻህ ሰፊ ነው፤ አይገባም።»

«ስሜን የጠየቁኝ እንኳ?»

እስክሪብቶውን ይዤ ጠበቅኩት። በሩን አየው። እየቆየ ፊቱ ላይ ያ የሃያ ዓመት ልጅ መጣ፤ ዝናብ የመታው፣ የደነገጠ፤ እኔ ያገባሁት። ሲናገር ድምፁ የተጋባን ሰሞን ድምፅ ነበር።

«'ልጄ፣ በሩን ዝጋው፤ ብርድ ይገባል' ነው ያሉኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ጻፍኩት። ላቤ ጠብ እያለ፣ ምላሴን ነክሼ ጻፍኩት። ስጨርስ ቆጠርኩት። «አምስት ቃል ነው። የአንድ ቃል ቦታ ተርፏል።»

«እንግዲያው 'ዘጋሁት' በይበት» አለኝ።

ካርዱ በሩ ላይ ተሰቀለ፤ ባለቤቴም አስጎብኚ ሆኖ ቀጠለ። ማታ ማታ አሁን ጋዜጣ የማነበው እኔ ነኝ። እሱ ያርመኛል፤ «ሬዲዮው እንዲህ አላለም» ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ «ልፈትንሽ» ብሎ አጠገቤ ይቀመጥና ጣቱን ከጣቴ ኋላ ኋላ ያስከትላል። ባለፈው «በ»ን ሁለት ቦታ ላይ ራሱ አገኛት፤ እኔ አላየሁም።

አንድ ችግር ብቻ መጣ። የሚገባው ጎብኚ ሁሉ ካርዱን ያነብና፣ ፈገግ ብሎ፣ በሩን ከኋላው ይዘጋል። በሩ ተዘግቶ ያየ መንገደኛ ደግሞ ሙዚየሙ ዛሬ አይሠራም ብሎ ያልፋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ሰው ብቻ ገባ። ካርዱን እናንሳው ብለው በሞቴ አለ። ስለዚህ ማንም ሳያዘው ከጠዋት እስከ ማታ በር ላይ ቆሞ ይከፍታል። ክራቫቱን አስሮ።

እኔ ምሳ ይዤ ስመጣ ከሩቅ ያየኛል፤ ወለል አድርጎ ከፍቶ ይጠብቀኛል።

«አንተ ሰውዬ፣ በሩን ዝጋው» እለዋለሁ እንደ ገባሁ።

«ጎብኚ ቢመጣስ?»

«ሾርባው ይቀዘቅዛል።»

ወደ መንገዱ ግራ ቀኝ ያያል። ይዘጋዋል።